ሦስት ሐኪሞችና የአክስቴ ልብ

አክስቴ ከቢስቲማ ኮምቦልቻ እኔ ዘንድ የመጡት ሊታከሙ ነው። የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ አባቴ ሲሞት ወስደው ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ እርሻውን በሰው እያሳረሱ፣ እህሉን ራሳቸው ገበያ እያወጡ፣ ከነጋዴ ጋር ተከራክረው የማይረቱ ሴት ነበሩ። በዚያ ክረምት ግን እግራቸው አበጠ። ትንሽ ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸው ጀመር። በጀርባቸው ሲተኙ ስለሚታፈኑ ግድግዳ ተደግፈው ቁጭ ብለው ያድሩ ነበር። ጎረቤቶቻቸው፣ "ከተማ ልጅ እያለችዎ እዚህ ምን ያሰቃይዎታል?" አሏቸውና መጡ።

እኔ ያን ጊዜ በልብስ ሰፊዎች ማኅበር ውስጥ እሠራ ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው። ሁላችንም በማኅበር ነበርን፤ ያልተደራጀ ሰው ስኳርም ሳሙናም አያገኝም። አክስቴ ሊመጡ ጥቂት ሲቀራቸው፣ እኛን ብቻ ማደራጀት አልበቃ ብሎ ሐኪሞቹንም አደራጁ። ደሴ ላይ ሁለት ክሊኒኮች፣ ኮምቦልቻ ላይ አንድ፣ ሦስቱ ተቀናጅተው የሕዝቡን ጤና ይጠብቃሉ ተባለ። የማስተባበሪያ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ የመክፈቻው ስብሰባ ኮምቦልቻ አዳራሽ ሲደረግ ማኅበራችን በሙሉ እንዲገኝ ታዘዘና ሄድን።

ሦስቱን ሐኪሞች ጎን ለጎን ተቀምጠው ያየኋቸው ያን ቀን ነው። አንደኛው ሽማግሌ ነው፤ ደሴ ፒያሳ አጠገብ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ የራሱ ክሊኒክ የነበረው፣ በዚያ ሁሉ ካኪ መሀል ከረባቱን ሳይፈታ የኖረ ሰው። ሁለተኛው የደሴው የቀበሌ ክሊኒክ ሐኪም ነው፤ ድምፁ ትልቅ፣ ካኪው የተተኮሰ፣ ከመርፌ ይልቅ ማይክሮፎን ሲይዝ ደስ የሚለው። ሦስተኛው የኛው የኮምቦልቻው ወጣት ነው፤ ከወዳጅ የሶሻሊስት አገር ተምሮ የመጣ፣ ሁለቱን በጣም የሚፈራና ሲናገር መጀመሪያ ፊታቸውን አይቶ የሚናገር።

አንባቢ ሐኪምን የሚያህል ሰው "አንቱ" ሳትል ትጽፋለች ብሎ ይታዘበኝ ይሆናል። አውቄ ነው። አክስቴን "አንቱ" ካልኩ እነሱን እንዴት አድርጌ አብሬ "አንቱ" ልበል?

የቀበሌው ሐኪም ተነስቶ ረጅም ንግግር አደረገ። "ከእንግዲህ አንድ በሽተኛ ከአንዱ ክሊኒክ ወደ ሌላው ሲሄድ እንደ እንግዳ አይታይም!" አለ። "ሦስት ክሊኒክ ቢሆንም አእምሮው አንድ ነው! ኮምቦልቻ ይመረምራል፤ ልምድ ያላቸው የደሴው ጓድ ያረጋግጣሉ፤ የእኛ ክሊኒክ ይከታተላል!" ሽማግሌው "ጓድ" ሲባል ከረባቱን ነካ አደረገ። አጨበጨብን። እውነቱን ለመናገር እኔ ከልቤ ነበር ያጨበጨብኩት። እኛ ማኅበር ውስጥ ቆራጯ ስትቆርጥ ለሰፊዋ ትነግራታለች፤ ዝም ካለች እጅጌው የሌላ ሰው ይሆናል። ሐኪሞቹም እንደዚያ ይነጋገራሉ ብዬ ነበር።

አክስቴን መጀመሪያ የወሰድኳቸው ለኮምቦልቻው ወጣት ነው። ማዳመጫውን ጀርባቸው ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። እግራቸውን በጣቱ ተጫነው፤ ጣቱ የተጫነበት ሥፍራ ጎድጉዶ ቀረ። "ልባቸው ደክሟል" አለኝ ወደኔ ዞሮ፤ ከዚያ ወደ አክስቴ ዞረና ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "አንቺ እናት፣ ጨው ተዪ፣ እሺ?" አላቸው።

"ጆሮዬ ደህና ነው" አሉት አክስቴ። "ያመመኝ ልቤ ነው ብለሃል።"

በቡናማ ጠርሙስ ጠብታ ሰጣቸው። በውኃ አድርገው ጠዋት እንዲጠጡ ነገረኝ። ቀጥሎ በአዲሱ አሠራር መሠረት ደሴ ወጥተን ሽማግሌውን እንድናይ አዘዘን።

"የሰጠሃቸውን መድኃኒት ይዤ ልሂድ?" አልኩት።

"አያስፈልግም። እኛ እንነጋገራለን" አለ።

ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት በአውቶቡስ ወጣን። ከታች ፀሐይ ነበር፤ ከመታጠፊያዎቹ በላይ ጉሙ መንገዱን ይዞታል። አክስቴ ፊታቸውን መስኮቱ ላይ አድርገው እየተነፈሱ፣ "ደሴ እንዲህ ከፍ ብላ የተቀመጠችው በሽተኛ እንዳይደርስባት ነው" አሉኝ። ሳቅኩ። ታመውም ይቀልዱ ነበር።

ሽማግሌው ሐኪም ክፍሉ ንጹሕ ነበር፤ ግድግዳው ላይ ከውጭ አገር ያገኘው የምስክር ወረቀት ተሰቅሏል። ገና ሳንቀመጥ፣ "ማን ላካችሁ?" አለ። ስነግረው ከንፈሩን አጣመመ። "ያ ልጅ? እዚያ የሄደበት አገር በሕክምና ፈንታ ሰልፍ ነው የሚያስተምሩት።" የወጣቱን ቃል ጥሼ ጠርሙሱን በቦርሳዬ ይዤ መጥቼ ነበር፤ ላወጣው ስል በእጁ ከለከለኝ። "እሱ የሰጠውን ማየት አልፈልግም። እኔ የማየው በሽተኛዋን ነው።"

አዳመጣቸው፤ የእጃቸውን ትርታ ቆጠረ። ትንንሽ ነጭ ክኒኖች በወረቀት ከረጢት አድርጎ ሰጠኝና፣ "ጠዋት ጠዋት ትውሰድ" አለ።

"ጠብታውንስ ያቁሙት?"

"እኔ የሰጠሁትን በደንብ ትውሰድ።"

"እሺ፤ ጠብታውስ?"

"ሴትዮ፣ ሰማሽኝ አይደል?" አለና ደወሉን ጫን አደረገ። የሚቀጥለው በሽተኛ ገባ።

ከዚያ ለክትትል ወደ ቀበሌው ክሊኒክ ተላክን፤ ከፒያሳ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው፤ አክስቴ ግን እያረፉ ነው የደረሱት። ወረፋው እስከ ውጭ ድረስ ነበር፤ ሰው በካፊያ ቆሟል። ውስጥ ስንገባ ባለ ካኪው፣ "ኧረ እናት ጓዲት! እንኳን ወደ ቤትዎ መጡ!" ብሎ ተቀበለን፤ እኔን ሳያይ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን መፈክር እያየ ስለ ተቀናጀ አሠራር አንድ ሙሉ ንግግር ደገመልን። ማዳመጫውን አክስቴ ደረት ላይ ያሳረፈው ንግግሩን ሳያቋርጥ ነው። እንዴት እንደሰማ እንጃ። ሮዝ ክኒኖች በጋዜጣ ቁራጭ ጠቅልሎ ሰጠን።

"ዶክተር" አልኩት፣ "ሌላም መድኃኒት አላቸው። ሁለት ዓይነት፤ አንዱ ጠብታ…"

"ጓዲት!" አለኝ ሳቅ ብሎ። "ሦስታችን አንድ ነን እኮ። ኮሚቴው ለምን ተቋቋመ? እኛ ሳንነጋገር አንድም ነገር አናደርግም። አንቺ አትጨነቂ፤ የታዘዘውን ሁሉ በሰዓቱ ስጫቸው።"

የታዘዘውን ሁሉ በሰዓቱ ሰጠኋቸው። ጠዋት ጠብታውን፣ ቀጥሎ ነጩን፣ ከምሳ በኋላ ሮዙን። መጀመሪያ ሰሞን ተሻላቸው። የእግራቸው እብጠት ጎደለ፤ ትንሽ ጋደም ማለት ቻሉ። "ሐኪሞችሽ መርሃባ ናቸው" አሉኝ፤ ለሦስቱም ዱዓ አደረጉላቸው። እኔም ሰፈር ውስጥ ስለ ተቀናጀው አሠራር ሳወራ ሰነበትኩ፤ አሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

ከዚያ ምግብ አስጠላቸው። ገንፎ አፋቸው ላይ ሲደርስ ፊታቸውን ያዞራሉ። ማስመለስ ጀመሩ። ያ ሁሉ ወሬያቸው ጠፋ፤ አንዳንዴ ልባቸው መምታት አቁሞ እንደገና የሚጀምር እየመሰላቸው ደረታቸውን ይይዙ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ቁጭ ብለው ግድግዳውን ያያሉ።

"ቤቱን ቢጫ ያስቀባሽው መቼ ነው?" አሉኝ።

ግድግዳው በኖራ የተቀባ ነው፤ ነጭ።

"አክስቴ፣ ነጭ እኮ ነው።"

"አንቺም ቢጫ ነሽ" አሉ ዓይናቸውን እያሹ። "አምፖሉም ዙሪያውን ቢጫ ቀለበት አለው። ያ አላህ፣ ምን መጣብኝ?"

ደነገጥኩ። መጀመሪያ ወደ ወጣቱ ሮጥኩ፤ ለስብሰባ ደሴ ወጥቷል ተባለ። የቅንጅት ስብሰባ ነው። በማግስቱ ጎረቤቴ ደግፋኝ አክስቴን አውቶቡስ ላይ አወጣናቸው፤ ደሴ ስንደርስ ቀጥታ ፒያሳ ሽማግሌው ጋ ወሰድኳቸው። ሁሉ ነገር ቢጫ ሆኖ እንደሚታያቸው ነገርኩት፤ የእጃቸውን ትርታ ይዞ ሰዓቱን እያየ ፊቱ ተለወጠ።

"ምን ምን ነው የምትወስደው?" አለ።

ይህን ጥያቄ ከመጀመሪያው ጀምሮ ስጠብቀው ነበር። ቦርሳዬን ከፍቼ ሁሉንም ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩለት። መጀመሪያ ጠርሙሱን አንስቶ ጽሑፉን በመነጽሩ አነበበ። ደስ አለው! ፊቱን ያየሁት እኔ ነኝ፤ አክስቴ አጠገቡ እያቃሰቱ እሱ ደስ አለው። "ይህን የሰጣት ያ የኮምቦልቻው ነው አይደል?" አለ። ከዚያ የጋዜጣውን ጥቅል ፈታ፤ ሮዙን ክኒን በመዳፉ ላይ አገላብጦ አየው፤ ፈገግታው ጨመረ። "ባለ ካኪውም! ሁለቱም! አላልኩም? ከነዚህ ጋር ሥራ ብለው…"

ንግግሩን ሳይጨርስ የራሱን ነጭ ከረጢት አይቶት ነበር።

ሦስቱንም መድኃኒት ሰብስቦ መሳቢያው ውስጥ ከተተና ዘጋ። "ለጊዜው ምንም አትውሰድ" አለ። "ቁጭ በሉ።" ወጥቶ ረዳቱን ላከ፤ ብዙም ሳይቆይ የቀበሌው ሐኪም እያለከለከ መጣ። ከመጋረጃው ኋላ ገቡ። መጋረጃ ብቻ ነው፤ ጨርቅ። ለምን እንደማይሰማ አድርገው እንዳሰቡት እስከ ዛሬ አይገባኝም። ምናልባት ልብስ ሰፊና የገጠር ሴት ጆሮ የላቸውም ብለው ይሆናል።

"ጠብታው ያው ነው" አለ ሽማግሌው። "ያንተም ክኒን ያው ነው።"

"ያንተስ?"

"…የእኔም ያው ነው።"

"ሦስታችንም ያንኑ የልብ መድኃኒት ሰጥተናታል ማለት ነው? ስሙ ብቻ ነው የሚለያየው?"

"ቀስ በል፤ ልጅቷ እዚህ ናት።"

"ብትሞትስ?"

"አትሞትም። ካቆመች ከደሟ ይወጣል። ብትሞት ደግሞ ልቧ የታመመ አሮጊት ናት፤ ማን ይጠይቃል?"

ባለ ካኪው፣ "ከቢስቲማ አይደል የመጣችው? ሥር ጠጥታ ነው እንበል። ገጠሬ ሥር ሳይጠጣ ክሊኒክ አይመጣም" አለ።

"ይሻላል" አለ ሽማግሌው።

ወጡ። ያ "ትውሰድ" ሲል የነበረ ሽማግሌ ወደ አክስቴ ጎንበስ ብሎ፣ "እናቴ፣ እርስዎ የባህል መድኃኒት ወስደዋል መሰለኝ፤ ሥር፣ ቅጠል?" አላቸው። "እርስዎ" ያላቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

አክስቴ በደከመ ዓይናቸው አዩት። "ወላሂ ቢስቲማን ከለቀቅኩ ወዲህ ከናንተ መድኃኒት በቀር ባፌ የገባ ነገር የለም። እህል እንኳ አልገባም።"

"ሲያፍሩ አይናገሩትም" አለ ባለ ካኪው ለሽማግሌው፣ እኛ የሌለን ይመስል።

እኔ አክስቴን ይዤ ወጣሁ። የሰማሁትን ሁሉ የነገርኳቸው አውቶቡስ ውስጥ፣ ሐረጎን ስንወርድ ነው። ያለቅሳሉ ብዬ ነበር። ሳቁ። እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ፤ ከፊታችን የተቀመጠው ሰውዬ ዞሮ አየን። "አብሽሪ" አሉኝ ትንፋሻቸው ሲመለስ። "ቢያንስ አንዱ በሽታዬን ስቷል እንዳንል፣ ሦስቱም አግኝተውታል።"

መድኃኒቱን ካቆሙ በኋላ እየዋለ እያደረ ማስመለሱ ቀረ። ግድግዳው መልሶ ነጭ ሆነ። ግን ደግሞ እግራቸው ማበጥ ጀመረ፤ ትንፋሹም ተመለሰ። ወዴት ልውሰዳቸው? ሦስቱ አንድ ናቸው ተብሏል፤ አንዱን ጠልቶ ወደ ሌላው መሄድ ቀርቷል። ቅንጅቱ ለበሽተኛው ያመጣው ለውጥ ይህ ነበር፤ ድሮ ሐኪም ቢያስቀይመን ወደ ጠላቱ እንሄድ ነበር።

በዚህ መሀል ኮሚቴው የሥራ ውጤቱን ለሕዝብ ሊያቀርብ ነው ተብሎ እንደገና አዳራሽ ተጠራን። አክስቴ፣ "እኔም እሄዳለሁ" አሉ።

"ደክመዋል እኮ፤ ደግሞ ምን ሊያደርጉልዎ?"

"ሲያወሩ መስማት አምሮኛል።"

አዳራሹ ሞልቷል። ሦስቱ መድረኩ ላይ ናቸው፤ ሽማግሌው በከረባት፣ ወጣቱ ጫማውን እያየ። ባለ ካኪው ማይክሮፎኑን ይዞ ስለ ስኬታቸው ተናገረ፤ ተናግሮ ተናግሮ "ምሳሌ ልስጣችሁ" አለ። "በቅርቡ አንዲት የቢስቲማ አሮጊት በጎጂ ልማድ ተታለው የማይታወቅ ሥር ጠጥተው ሞት አፋፍ ላይ ደርሰው ነበር። ዓይናቸው ሁሉን ቢጫ ያይ ነበር! ሦስቱ ክሊኒኮች በቅንጅት ተረባርበው ሕይወታቸውን አተረፉ! ይህ የቅንጅት ፍሬ ነው!"

ተጨበጨበ። ባለ ካኪው በሽተኛ እንኳ ፈጥሮ መዋሸት ያልቻለ ሰነፍ ነው፤ ከነቢጫው፣ ከነአገራቸው እውነተኛዋን አክስቴን ወስዶ ውሸት አለበሳቸው። እሳቸው እዚያ ይቀመጣሉ ብሎ በጭራሽ አላሰበም። በሽተኛ ከክሊኒክ ከወጣ በኋላ የትም የሚኖር አይመስለውም ነበር።

አክስቴ ትከሻዬን ይዘው ተነሱ። ልይዛቸው አልቻልኩም፤ ልይዛቸውም አልፈለግኩም።

"አሰላሙ አለይኩም" አሉ። ግማሹ አዳራሽ ሳያስበው መለሰላቸው። "ያቺ የቢስቲማዋ አሮጊት እኔ ነኝ።"

ባለ ካኪው ማይክሮፎኑን እንደያዘ ቀረ።

"ሥር አልጠጣሁም" አሉ አክስቴ፤ በየመሀሉ እየተነፈሱ። "ሥርማ ብጠጣ ይሻለኝ ነበር፤ ሥር የሚሰጥ አንድ ሰው ነው። እነዚህ ልጆቼ ግን አንዱን መድኃኒት ሦስት ሆነው አጠጡኝ። አንዱ በጠብታ፣ አንዱ በነጭ፣ አንዱ በሮዝ። ተባበሩ ብላችሁ አዛችኋቸው ነው አሉ። አላህ ይስጣችሁ፤ ለኸይር ነው ያሰባችሁት። ብቻ ዳግመኛ አታስተባብሯቸው። ተጣልተው ይኑሩ፤ የኛ ነፍስ ትትረፍ።"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ወንበር ለወንበር እየዘለለ አዳራሹን ሞላው። ማኅበራችን ውስጥ ያሉ ሴቶች አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ይንቀጠቀጡ ነበር። ሰብሳቢው ጠረጴዛውን መታ፣ አልሰማ አሉት፤ በመጨረሻ ተነስቶ ግራ እጁን ጨብጦ፣ "ኢትዮጵያ ትቅደም!" ብሎ ጮኸ። ከዚያ በኋላ መሳቅ አይቻልም። ሁላችን ተነስተን እጃችንን ጨብጠን መለስንለት፤ ስብሰባው በመፈክር ተዘጋ። ሰዎቹ በጥያቄ ሲያዙ መውጫቸው ሁልጊዜ ይህ ነበር።

በነጋታው የማኅበራችን ሊቀመንበር ጠራኝ። "አክስትሽ ፀረ ቅንጅት ቅስቀሳ አድርገዋል ተብሏል" አለኝ፤ እሱ ራሱ ትናንት እንባው እስኪወርድ ሲስቅ አይቼዋለሁ። "ያዢያቸው። ካልሆነ የስኳር ካርድሽ ላይ ጥያቄ ይነሳል።" ሐኪሞቹን ማን ጠየቀ? ማንም። የተጠየቅነው እኔና ስኳሬ ነን።

በእሑዱ፣ ቀትር ላይ፣ ወጣቱ ሐኪም ቤቴ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ግራ ቀኙን አየ፤ ፀሐዩ ከባድ ስለሆነ መንገዱ ላይ ሰው አልነበረም፤ የመጣበትን ሰዓት መርጦ ነበር። አክስቴ እንዲቀመጥ በርጩማ አሳዩት። ተቀመጠና እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ "እውነትዎን ነው" አላቸው። "ሦስታችንም ያንኑ ነው የሰጠነው። ከስብሰባው በፊት ነግረውኝ ነበር። ሥር ነው እንድል አዘዙኝ፤ እኔ አላልኩም።"

"ሥር አይደለም ብለሃል?" አሉት።

"እሱንም አላልኩም።"

"እና ምን አልክ?"

ጣቶቹን እያሻሸ፣ "ብናገር ያስሩኛል" አለ።

"እኔ ተናገርኩ። አሰሩኝ?"

"እርስዎ አሮጊት ነዎት።"

"አንተ ደግሞ ምንድን ነህ?" አሉት።

ያን ጥያቄ የሰነዘሩት በቁጣ አልነበረም፤ የሚመልስላቸው ካለ በእውነት ሊያውቁ እንደፈለጉ ነበር። እኔ ግን ናቅሁት። ከሽማግሌውና ከባለ ካኪው የበለጠ የናቅሁት እሱን ነው ብል አልዋሽም። እነሱ ሲዋሹ ቢያንስ አደባባይ ላይ ነው፤ እሱ እውነቱን የኔ ጓዳ ውስጥ፣ ሌላ ሰው ቢጠይቀው ሊክደው እንዲችል፣ ሹክ ብሎ ያራግፋል፤ ከዚያ ቀለል ብሎት ይሄዳል። እኛ ይቅር እንድንለው ነበር የመጣው። አክስቴ ይቅር አሉት፤ የሳቸው ነገር ነው። እኔ ሻይ እንኳ አላፈላሁለትም።

ሲወጣ ግን አንድ ጠቃሚ ነገር ተናገረ። "ቦሩ ሜዳ ውሰጃቸው" አለኝ በቀስታ። "ኮሚቴው ውስጥ የሉበትም። የወሰዱትን ሁሉ ንገሪያቸው።"

እንደገና ሐረጎን ወጣን፤ ደሴ አደርንና በማግስቱ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ደረስን። ያየቻቸው ሴት ሐኪም ወጣት ነበረች፤ ፊቷ ላይ ድካም አለ፤ የምትናገረው ጥቂት ነው። ገና ስንቀመጥ፣ "እስካሁን ምን ምን ወስደዋል?" አለች። እኔ ስናገር እስክጨርስ አላቋረጠችኝም። ጠብታውን ስነግራት ቀና አለች፤ ነጩን ስነግራት ማዳመጫዋን አስቀመጠች፤ ሮዙ ጋ ስደርስ፣ "አንድ ላይ?" አለችኝ። "አንድ ላይ" አልኳት። አክስቴን "እርስዎ" እያለች መረመረቻቸው፤ ያንኑ መድኃኒት በትንሹ፣ ከአንድ እጅ ብቻ፣ ሰጠቻቸው። ማስመለስ ወይም ቢጫ ማየት ከመጣ ወዲያው እንዲያቆሙና ተመልሰው እንዲመጡ ነገረችን። ያን ሁሉ መከራ ያየነው ማንም ይህን አንድ ጥያቄ በጊዜው አልጠይቅ ብሎን ነው። ከወጣን በኋላ አክስቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው የሜዳውን ነፋስ እየሳቡ፣ "ይህችን ልጅ ከማንም ጋር እንዳያስተባብሩብኝ" አሉ።

ኮሚቴው በስም ቆየ። ሽማግሌው ወደ ኋላ ላይ ክሊኒኩን ዘግቶ አዲስ አበባ ልጆቹ ዘንድ ገባ፤ ሲሄድ ግብዣ ተደርጎለት ስለ ረጅም አገልግሎቱ ተወራ። ባለ ካኪው አደገ፤ ከበሽተኛ የሚገላግለው ሹመት አገኘ፤ ለበሽተኛውም ሆነ ለእሱ ይህ ጥሩ ነበር። ወጣቱ ኮምቦልቻ ቀረ። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ አንገቱን ደፍቶ ሰላም ይለኛል፤ እኔም አውቄ ለመመለስ እዘገያለሁ። የሱ ወረፋ ግን አልቀነሰም። ሰው ምን ያድርግ? ሌላ የለውማ።

አክስቴ በልግ ሲደርስ፣ "እርሻዬን ማን ያየዋል?" ብለው ወደ ቢስቲማ ተመለሱ። ገንዘብ እየቆጠብኩ መድኃኒቱን የማቀርብላቸው እኔ ነበርኩ፤ ቦሩ ሜዳ ሄጄ አመጣና በገበያ ቀን ከሚመጡ ነጋዴዎች ጋር እልክላቸዋለሁ። እንደ ድሮው ዳገት መውጣት አልቻሉም፤ ግን በራቸው ላይ ተቀምጠው አራሹን እያዘዙ፣ ዋጋ እየተከራከሩ ጥቂት ዓመታት ኖሩ። አዝመራው ከገባ በኋላ፣ አንድ ከሰዓት፣ ዐሱር ሰግደው ጋደም እንዳሉ አለፉ። እኔ የደረስኩት ከተቀበሩ በኋላ ነው። ጎረቤቶቻቸው ተቀብለው አለቀሱልኝ፤ ከዚያ ደግሞ እያንዳንዳቸው አክስቴ አዳራሹ ውስጥ የተናገሩትን እየደጋገሙ ነገሩኝ። እያንዳንዱ የሚነግረኝ እሳቸው ከነገሩት ትንሽ ጨምሮ ነበር። አላረምኳቸውም።